ከአጥር ውጭ ስለቆመው አሰልጣኛችን

ለክቡር ሚስተር ሊዮኔል ደ አብሬው
የብሔራዊ ክሪኬት ትንሣኤ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኮሎምቦ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ከኋላዎ ተሰልፈው ለሚታዩት አሥራ ሦስቱ አማካሪዎችዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ፤ የቡድሃ እምነታችን የሦስቱ ዕንቁዎች ጥበቃ አይለያችሁ። ባለፈው ወር ብሔራዊ ቡድናችን በጠቅላላው ሃምሳ ስምንት ነጥብ አስቆጥሮ ምሳ ሳይደርስ ተጠራርጎ ሲወጣ፣ እርስዎ በቴሌቪዥን ቀርበው «ይህ የመማሪያ ጊዜ ነው» ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ አንድ ተማሪ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመማሪያ ጊዜ ላይ ሲቆይ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፊትዎ ደህና መሆኑን፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ሙሉ መሆኑን አይቼ ተጽናናሁ።

ስሜ ሱሚትራ ሊያናጌ ነው። በደቡብ ጠረፍ፣ በሄናጋማ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የትምህርት ቤታችን የክሪኬት ቡድን ነጥብ መዝጋቢ ነበርኩ። ሹመቱን ያገኘሁት ጨዋታውን ስለማውቅ አልነበረም፤ የያኔው ርእሰ መምህር «መደመር የምትችይ አንቺ ነሽ» ስላሉኝ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝ ኮሚቴዎ ያሳተመው ባለ መቶ ሃያ ገጽ ሪፖርት ነው። ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ፎቶግራፍዎ በአራት ቦታ የወጣበት መልካም ሥራ ነው። በገጽ አርባ አንድ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን የወደቀው «እንደ ሄናጋማ ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተጫዋች ማፍራት በማቆማቸው ነው» ይላል። ጣሪያዋ በሁለት ቦታ የሚያፈስ የእኛ ትንሽ ትምህርት ቤት አንድን ብሔራዊ ቡድን ብቻዋን የምትጥል ጉልበት እንዳላት እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቅንም ነበር። ስለ ክብሩ የመምህራኑንም የጥበቃውንም ምስጋና አቀርባለሁ። የተሰማኝን ቅሬታ ደግሞ፣ ጊዜዎን ላለማባከን፣ በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

፩ኛ. «ማፍራት አቆሙ» ስለሚለው ቃል

አላቆምንም፤ ያፈራነውን ወሰዳችሁብን እንጂ። የወሰዳችሁትም ዊሙክቲ ሄዋጌ ይባላል።

አባቱ ከኮኮናት ዛፍ አናት ለመጠጥ የሚጠመቅ ጭማቂ የሚያወርድ ሰው ነበር። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው እኔ ክፍልፋይ በማስተምርበት ክፍል የጀርባ ግድግዳ ላይ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ አላስቀምጥ አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ከዛፍ የረገፉ ጥሬ ኮኮናቶችን ሰብስቦ ከሃያ እርምጃ እየሮጠ መጥቶ ይወረውራል፤ ግድግዳው ላይ የክሪኬት ወርዋሪ የሚያነጣጥርባቸውን ሦስት እንጨቶች በከሰል ሥሏል። ልቆጣው አፌን ስከፍት ግድግዳውን አየሁት። የተቦረቦረው ሁሉ መካከለኛዋ እንጨት ላይ ነበር። ግራና ቀኙ አልተነካም። ክቡርነትዎ፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ እንደማይሆን አውቃለሁ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ በአውራጃው ውስጥ የእሱን ኳስ የሚመታ ልጅ ጠፋ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ የከተማ ትምህርት ቤት መኪና ልኮ ወሰደው። ስሙን አልጠራም፤ ከየገጠሩ እንዲህ የሚለቅሙ ብዙ ናቸውና አንዱን አመስግኜ ሌላውን ማስቀየም አልፈልግም። እኛ «ለልጁ የወደፊት ሕይወት ሲባል ነው» ተባልን። ለልጁ ደግሞ ክፍል ውስጥ ባይገባም ግድ እንደሌለው ተነገረው፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። እኛ የዚያን ዓመት ግጥሚያ ሁሉ ተሸነፍን።

በሃያ ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። መንደሩ ርችት ተኮሰ። እናቱ የቡድኑን ማሊያ የለበሰበትን ፎቶ ከቡድሃው ምስል ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ በስድስት አገሮች ውሃ፣ ፎጣና ጓንት ለተጫዋቾች ሲያመላልስ በቴሌቪዥን ተከታተልነው። አመላለሱ ጥሩ ነበር፤ አንድ ጊዜም ውሃ አላፈሰሰም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ አሥራ ሁለት ኳስ እንዲወረውር ተፈቀደለት፤ ዝናብ መጣና ጨዋታው ተቋረጠ። ቀጥሎ ወገቡን ታመመ። ከቡድኑ መሰናበቱን የሰማው በስልክ መልእክት ነው፤ መልእክቱን አሳይቶኛል። «ለአገልግሎትህ እናመሰግናለን። ሻንጣውን እስከ ዓርብ መልስ» ይላል።

ሻንጣውን ሐሙስ መለሰ።

፪ኛ. ተጫዋች ስለመጥፋቱ

ወደ መንደር ተመልሶ አምስት ወር ያህል ከቤት አልወጣም። በኋላ የአጎቱን ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ደንበኞቹ ማን መሰሉዎት? ተማሪዎቻችን። ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ ሦስት ቡድን ያወጣ የነበረው ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ላምና ርእሰ መምህሩ ብቻ የሚታዩበት ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱም ልጁ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነው። ወላጆችን አልወቅስም። ልጅ ሒሳብ ቢወድቅ ማን እንደሚጠየቅ ያውቃሉ፤ ብሔራዊ ቡድን ቢወድቅ ግን የሚጠየቅ አላዩም።

አንድ ቅዳሜ ባጃጁን አስቁሜ ገባሁ።

«ወዴት ነው ሚስ?» አለኝ።

«ወደ ሜዳው።»

በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋው። «ሚስ፣ ይተዉኝ። እኔ ውሃ አመላላሽ ነኝ።»

«ጥሩ፤ ውሃም የሚያመላልስልን አጥተናል» አልኩት።

ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሄድን። ሜዳው ላይ አምስት ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች። ከሴቶቹ አንዷ ኔትሚ ትባላለች፤ የዓሣ ነጋዴ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ እጇ ረጅም፣ ቃሏ አጭር ነው። አንድ ኳስ ወረወረች። ዊሙክቲ ቆመ። «እስኪ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለክቡርነትዎ ስናዘዝ የማጭበርበር ተባባሪ መሆኔን አምናለሁ። ዊሙክቲ ልጆቹን ወደ ማጠናከሪያ ሲወስድ በሜዳው በኩል ማለፍ ጀመረ፤ ማለፉም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው የኔትሚ እናት የዓሣ ቅርጫቷን እንደያዘች ሜዳው መሀል ገባች።

«ሚስ! እርስዎም እያወቁ?»

«አዎ፣ አውቃለሁ።»

«እኔ ልጄ ሎጋሪዝም ላይ ናት ብዬ ለቡድሃ አበባ አቀርባለሁ፤ እሷ እዚህ አፈር ላይ ትንከባለላለች!»

ዊሙክቲ «አክስቴ፣ የምትንከባለለው ኳስ ስትይዝ ነው፤ ስትወረውርማ ቀጥ ብላ ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል! አንተንስ ኳሱ የት አደረሰህ? ባጃጅ ላይ!»

ልጆቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እሱ «እውነት ነው» አለ በቀስታ። «ግን እዚህ ያደረሰኝ ኳሱ አይደለም አክስቴ። ደብተሬን ጥዬ መሄዴ ነው። እሷ ሁለቱንም ትያዝ።»

እናትየዋ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። እኔ በዚያች ደቂቃ፣ ከልምምድ በኋላ እዚያው ሜዳ ዳር ጥላ ሥር ሒሳብ በነፃ እንደማስተምር ተናገርኩ። «ሁሉንም?» አለች። «የመጣውን ሁሉ» አልኩ። በወሩ ዐሥራ አራት ልጆች ሆኑ፤ ግማሾቹ የመጡት ለሎጋሪዝሙ መሆኑን አልደብቅዎትም፤ አንዴ ከመጡ ግን የኳስ መምቻውን እንጨት፣ ባቱንም ያዙ።

፫ኛ. ስለ ምስክር ወረቀቱ

ልክ በዚህ ጊዜ የኮሚቴዎ ሰርኩላር ደረሰን። ሁለተኛ ደረጃ የአሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሌለው ማንኛውም ሰው «ከትምህርት ቤት አጥር ውስጥ» እንዳያሠለጥን ይከለክላል። ጥራትን የሚጠላ ማን አለ? ዊሙክቲም አልጠላም። ስድስት ቅዳሜና እሑድ ወደ ኮሎምቦ በአውቶቡስ ተመላለሰ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የከተማው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ባይገባም ግድ እንደሌለው የነገረው ልጅ መሆኑን ክቡርነትዎ ያስታውሱልኝ።

የፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ የፎቶግራፍ ጥያቄ ነበር። አንድ ኳስ ወርዋሪ በአየር ላይ እንደተንሳፈፈ ከጀርባው ይታያል፤ «ይህ ትክክለኛ አወራወር ነው፤ ትክክለኛ የሆነባቸውን አራት ምክንያቶች ጻፍ» ይላል። ዊሙክቲ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ማሊያውን አወቀው፤ ቁጥሩን አወቀው፤ በቀኝ ክርኑ ላይ የተጠመጠመውን እናቱ ለጥበቃ ያሰረችለትን ነጭ ክር አወቀው። የዚያ የዝናብ ቀን ነበር። አራቱን ምክንያቶች በእንግሊዝኛ መግለጽ ስላልቻለ በእኛ ቋንቋ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ይህ እኔ ነኝ።»

ዜሮ ተሰጠው። ፈታኙም በቀይ ቀለም «መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም» ብለው አስፍረዋል። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ፤ ለቀጣዩ ሪፖርትዎ ሥዕል ካጠረዎት በደስታ እልክልዎታለሁ።

ወድቆ የተመለሰ ዕለት ልጆቹ ባጃጁን ከበቡት። እነሱ አይያ ነው የሚሉት፣ ታላቅ ወንድም ማለታቸው ነው። «አይያ፣ አለፍክ?» አሉት። «ፎቶው አልፏል፣ እኔ ወድቄአለሁ» አላቸው። ልጆች አይደሉ፣ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳ ጠረግሁ፤ ሰሌዳው ንጹሕ ነበር።

ቸርነትዎ ግን ባዶ እጃችንን አልተወንም። ምስክር ወረቀት ያላቸውን ሚስተር ጎሚስን ላኩልን። ሚስተር ጎሚስ አንድ ጠዋት መጡ፤ ለልምምድ ምልክት የሚሆኑ ሃያ አራት ብርቱካናማ የፕላስቲክ ቆቦች ሜዳው ላይ ደረደሩ፤ ልጆቹን በመካከላቸው አቁመው ፎቶ አነሱ፤ ቆቦቹን ቆጥረው ሰበሰቡና ሄዱ። አልተመለሱም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አርባ ሁለት ትምህርት ቤት እንደተሰጣቸው ነግረውኛል፤ ላባቸውንም በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ይህን እንዳለ ትቼ ወደ ግጥሚያው ልሂድ። ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ስቼዋለሁ፤ የሒሳብ አስተማሪ ቁጥር ሲስት ምን ያህል እንደተናደደ ክቡርነትዎ ይገምቱታል።

ከጎረቤታችን ከፖልዋታ ትምህርት ቤት ጋር በየዓመቱ እንጋጠማለን። እነሱን ካሸነፍን ሰባት ዓመት አልፎን ነበር፤ ርእሰ መምህራችንም ዘንድሮ ከተሸነፍን ሜዳውን ለአትክልት እርሻ እንደሚያደርጉት በይፋ ተናግረው ነበር። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። የግጥሚያው ዕለት ከኮሚቴዎ አንድ ተቆጣጣሪ፣ ሚስተር ሰናዲራ፣ የተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ዊሙክቲ ፈተናውን ከወደቀ ወዲህ እንደለመደው፣ በሕጉ መሠረት አጥሩ ውስጥ አልገባም። ባጃጁን ከአጥሩ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ጣሪያውን ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያም ጮኸ። «ኔትሚ፣ ክርንሽን! ሲታራ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ!»

ሚስተር ሰናዲራ በበሩ ዞረው ወጡ። ነጥብ የምመዘግብበት ጠረጴዛ ከአጥሩ ሥር ስለነበር ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«ሰውዬ፣ ሰርኩላሩን አላነበብክም?»

«አንብቤዋለሁ ሰር። ‹ከአጥር ውስጥ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አጥሩ ያውና። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ።»

«ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሰው ‹ክርንሽን› እያለ ሲጮህ የት አገር አይተሃል?»

«ስድስት አገር አይቻለሁ ሰር፤ በሁሉም ይጮሃል።»

ለውዝ የሚሸጠው ሽማግሌ፣ እንዲያውም የፖልዋታ ሰው ነው፣ ጣልቃ ገባ። «ሰር፣ ወይ ተሳፈሩለትና ይሂድ፣ ወይ ተዉትና ይጩህ። ጨዋታውን ከለላችሁን!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስተር ሰናዲራ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው እዚያው ከዊሙክቲ ጎን ቆሙ፤ ሊጠብቁት ይመስለኛል። ትንሽ ቆይተው ለውዝ ገዙ።

እኛ መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አስቆጠርን። ፖልዋታ ዘጠኝ ተጫዋች ወጥቶበት፣ አንድ ከወጣ ሊያበቃለት፣ መቶ አሥር ደረሰ። ሁለት ኳስ ቀረ፤ ለማሸነፍ ሦስት ነጥብ ይበቃቸዋል፤ ባት የያዘው ደግሞ ብቻውን ሃምሳ ያስቆጠረው ረጅሙ አምበላቸው ነው። ኳሱ በኔትሚ እጅ ነው። የመጀመሪያውን ወረወረች፤ አምበሉ በኃይል መትቶ ሳተው። እናቷ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ቆመች።

የመጨረሻውን ልትወረውር ስትዘጋጅ የሰባት ሰዓቱ የገጠር አውቶቡስ መጣና ልክ በባጃጁ ፊት ቆመ። ኔትሚ እንደ ልማዷ ወደ መንገዱ ዞራ አየች። የታያት የአውቶቡሱ ጎን ብቻ ነው። ዊሙክቲ ከወዲያ በኩል ይጮሃል፤ በሞተሩ ድምፅ አንዲት ቃል እንኳ አትሰማም። ዐሥራ ሦስቱ ልጆች እሷን ያያሉ። እኔም፣ ክቡርነትዎ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከእጄ ያልተለየውን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ኳሱን በጣቶቿ አንዴ አዞረችው። ሮጠች፤ አሯሯጧ የፈጣን ኳስ አሯሯጥ ነበር፤ እጇም በፍጥነት ወረደ። ኳሱ ግን ዝግ ብሎ፣ እንደሚያቅማማ እንግዳ ዝግ ብሎ መጣ። አምበሉ ቀድሞ መታ፤ የመታው አየሩን ነው። ኳሱ በባቱ ሥር አለፈና መካከለኛዋን እንጨት ነቀላት፤ በሁለት ነጥብ አሸነፍን።

አውቶቡሱ ሄደ። ልጆቹ አንድ ላይ ተከምረው ይጮሃሉ። ዊሙክቲ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፤ ተቆጣጣሪው ሳያስቡት ትከሻውን አቅፈውታል።

«ሚስ፣ ምን ወረወረች? አላየሁም፤ ምን ወረወረች?»

«ዝግ ያለ ኳስ።»

«እኔ አላስተማርኳትም!»

«አውቃለሁ።»

ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። «በቃ» አለ፣ «ይሄው ነው።» እያለቀሰ እንደሆነ ሚስተር ሰናዲራ ሲያዩ እጃቸውን ከትከሻው አነሡ፣ የለውዙን ወረቀት አጣጠፉና «እኔ ምንም አላየሁም ብዬ እጽፋለሁ» አሉ። ለእኚህ ሰው ያለኝ ምስጋና ያለ ምንም ሽሙጥ ነው፤ ከኮሚቴዎ እንዳያስወጧቸው እለምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁልንን ሁለት ውለታዎች ሳልጠቅስ ማለፍ ውለታ ቢስነት ነው። አንደኛ፣ ለሄናጋማ ድል የ«ትንሣኤ አሰልጣኝ» ሽልማት ለሚስተር ጎሚስ ሰጣችሁ፤ እሳቸውም ተቀብለው፣ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ ሜዳችን በየትኛው በኩል እንደሆነ እንደማያስታውሱ በስልክ ነገሩኝ። ሁለተኛ፣ ለዊሙክቲ «ድምፁን ከአጥር ውጭ ወደ አጥር ውስጥ በማሻገሩ» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፋችሁለት። ቢደግም በሕግ እንደሚጠየቅ፣ ትምህርት ቤቱም ከውድድር እንደሚታገድ ይገልጻል። ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባጃጇ አልመጣችም። ልጆቹ እስከ አሥር ሰዓት መንገዱን ሲያዩ ዋሉ።

የኔትሚን ኳስ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቅጂው ባሕር ተሻግሮ ከአንዲት ትንሽ የደሴት አገር ደረሰ፤ ብሔራዊ ቡድናቸው ከተቋቋመ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ዊሙክቲን አገኙት። ሜዳችን ውስጥ መግባት ስለተከለከለ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ነው ያሳያቸው። ምስክር ወረቀት አልጠየቁትም? ጠይቀውታል፤ «ስንት ልጅ አሠለጠንክ? ከነሱስ ስንቱ ዛሬም ይጫወታል?» ብለው። «ዐሥራ አራት፤ ሁሉም» አላቸው። የቡድናቸው የኳስ ወርዋሪዎች አሰልጣኝ አደረጉት።

ሊሄድ ሲል ጠዋት ቤቴ መጣ። እንደ ልማዳችን ለታላቅ ሰው በአክብሮት የሚሰጠውን የቡላት ቅጠል አቅርቦ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ሲነሣ «ሚስ፣ ብቀር ይሻል ይሆን?» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ «አትሂድ» ልለው ፈልጌ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። «ብትቀር ከአጥሩ ውጭ ነህ፤ ሂድ» አልኩት። ባጃጇን ለአጎቱ፣ የቡድኑን ሦስት ኳሶች ለኔትሚ ትቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ወር በዓለም አቀፉ ውድድር ማጣሪያ የእሱ ቡድንና የእኛ ቡድን እንደሚጋጠሙ ክቡርነትዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ዐሥራ አራቱም ልጆች ዛሬም ቅዳሜ ይመጣሉ። ዊሙክቲ በስልክ ያያቸዋል፤ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። እኔ ምስክር ወረቀት የለኝም፣ ግን አላሠለጥንም፤ እሱ ያሠለጥናል፣ ግን አጥሩ ውስጥ የለም። ጉዳዩን የሕግ ክፍልዎ ቢያጠናው ሌላ መቶ ሃያ ገጽ ይወጣዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን በዚያ ጨዋታ ማንን እንደሚደግፉ ጠየቅኋቸው። ተከራከሩ፤ ሁለቱ ሊደባደቡ ደረሱ። ኔትሚ ጫማዋን እያሰረች ቆየችና፣ «ሚስ፣ እኔ ለአገሬ ነው የምጸልየው» አለች። ቀጥላም፣ «የማጨበጭበው ግን ለአይያ ነው» አለች።

ምንም አልለምንዎትም። ቆብም፣ ሽልማትም፣ ጉብኝትም አይላኩልን። በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ላይ የሄናጋማን ስም ሲያነሡ «ማፍራት አቆመች» ከማለት ይልቅ «ያፈራችውን ማን ወሰደው» ብለው ቢጠይቁ በቂያችን ነው።

ቡድናችን ከምሳ በኋላም ሜዳ ላይ የሚታይበትን ቀን ለማየት ያብቃዎት እያልኩ፣ ከፍ ካለው ወንበርዎ ዝቅ ብለው ይህን ላነበቡ ዓይኖችዎ ያለኝን አክብሮት ደግሜ ደጋግሜ እየገለጽሁ፣

ጡረታ የወጣች፣ መደመር ግን ያልረሳች፣
ሱሚትራ ሊያናጌ
ሄናጋማ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ ከቢሮዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደውላ ነበር። በአሰልጣኞች ምረቃ ላይ «የአገር ፍቅር» በሚል ርእስ አጭር ንግግር እንዲያደርግልዎ ዊሙክቲን እንደምትፈልጉት ነገረችኝ። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቻታለሁ። የሌላ አገር መለያ ስላለው ስትደውሉ መጀመሪያ የነሱን ብሔራዊ መዝሙር ትሰማላችሁ፤ ልጁ እንግዳ አክባሪ ነውና ታገሡት፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ያነሣዋል።